አራተኛ ፎቅ፣ የኋላ በኩል

በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በኋላ በኩል ይኖራሉ። «በኋላ በኩል» የምትለዋ ነገር የዋዛ አይደለችም። በፊት በኩል ያሉት ጎረቤቶች መስኮታቸውን ሲከፍቱ ዛፍ የተተከለበት አደባባይ፣ አግዳሚ ወንበርና ጋዜጣ የሚያነቡ ጡረተኞች ይታዩአቸዋል። በኋላ በኩል ላሉት የሚታያቸው ብሎኬት ማምረቻ ነው። የአሸዋ ክምር አለ፤ የጠጠር ክምር አለ፤ በቆርቆሮ የተሠራ የሲሚንቶ መጋዘን አለ፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያጓራ አንድ ማሽን አለ። የቀረው ቦታ ሁሉ በረድፍ በረድፍ የተደረደረ ብሎኬት ነው። ልጅየው የኋላውን የገዛው ስለሚረክስ ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ በቤቱ ውስጥ ግን አይወራም።

እትዬ ቀኑን የሚያሳልፉት ሳሎን መስኮት ሥር ነው። ጉልበታቸው እንቢ ካላቸው ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዚያ በፊት ሃያ ስምንት ዓመት ክር ፋብሪካ ሠርተዋል። ሥራቸው ረድፍ መጠበቅ ነበር፤ በግራና በቀኝ በሚሽከረከሩት እንዝርቶች መካከል እየተመላለሱ የተበጠሰውን ክር ፈልገው ይቀጥላሉ። ክር ሲበጠስ አይጮህም። ዓይን ካላገኘው ማንም አያገኘውም። እግራቸው ጡረታ ሲወጣ ዓይናቸው አብሮ አልወጣም፤ እዚያው መስኮት ሥር ተቀምጦ የሚጠብቀው ረድፍ ሲፈልግ፣ ከታች አሥር ረድፍ ብሎኬት አገኘ።

ብሎኬት ከማሽኑ ከወጣ በኋላ ሰባት ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። ካልጠጣ ይሰነጠቃል፤ መኪና ላይ ሲጫን እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። የጠጣው ይጠቁራል፣ የተጠማው ይነጣል። ታች ለቆመ ሰው ግን ረድፎቹ እርስ በርስ ይጋረዳሉ፤ ሰባተኛውና ስምንተኛው ደግሞ ከመጋዘኑ ጀርባ ስለሆኑ ውሃ አጠጪው የውሃ ጎማውን እስከዚያ መጎተት ሲሰለቸው ይዘላቸዋል። ፎርማኑ ሆዱ ከፊቱ የሚቀድም፣ ከጫኝና ከሾፌር ጋር ሲጨቃጨቅ የሚውል ሰው ነው። እየዞረ ሊያይ አይችልም። ከአራተኛ ፎቅ ግን ሁሉም ነገር እንደ መጽሐፍ ገጽ ተዘርግቶ ይነበባል።

እትዬ አንድ ቀን አላስችል ቢላቸው ማሽኑ ለምሳ ጸጥ እስኪል ጠበቁና መስታወቱን በቁልፍ መቱት። ፎርማኑ ቀና አለ። ሰባት ጣት አሳዩት። ፎርማኑ መጀመሪያ አሮጊቷን አንድ ነገር ነካክቷቸዋል ብሎ አሰበ። ቢሆንም ሰባተኛውን ረድፍ ሄዶ አየውና ሲመለስ ባርኔጣውን አነሣላቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ በየቀኑ ረፋድ አራት ሰዓት ላይና ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፎርማኑ ቀና ይላል። እትዬ የነጣውን ረድፍ ቁጥር በጣታቸው ያሳያሉ። ሁሉም ደህና ከሆነ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያጣምራሉ። እሱ ባርኔጣውን ያነሣል፣ እሳቸው ሻያቸውን ይጠጣሉ። አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ሠራተኞቹ «የላይኛዋ ፎርማን» ይሏቸዋል። እሳቸው ይህን አያውቁም።

ልጃቸውም ይህን ሁሉ አያውቅም። ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። ምራታቸው የግማሽ ቀን አስተማሪ ስለሆነች ጣት ሲያሳዩ ሁለት ሦስት ጊዜ አይታቸዋለች፤ ግን ሐኪም ያዘዘው የእጅ እንቅስቃሴ መስሏት «በርቱ እትዬ» ብላቸው አለፈች።

ልጅየው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የክፍል ኃላፊ ከሆነ ሦስተኛ ወሩ ነበር። ሰኞ ማታ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ሳሎኑ መሀል ቆመ።

«እሑድ ሥራ አስኪያጁ ምሳ ይመጣል፤ ከነባለቤቱ።»

«እሰይ፣ ጥሩ ነዋ» አሉ እትዬ።

«ጥሩ አይደለም፣ እማዬ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ስብሰባ ካለቀ በኋላ ሥራ አስኪያጁ፣ ልጅየው ቤት መግዛቱን ሰምቶ ኖሮ፣ «ሰፈርህ ያምራል?» ብሎ ጠየቀው። ሰው እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ «ምንም አይል» ብሎ ያልፋል። ልጅየው ግን «በጣም እንጂ! በተለይ ከመስኮታችን የሚታየው!» አለ። ለምን እንዳለ ራሱም አያውቅም፤ አፉ ነው ያለው። ሥራ አስኪያጁም መስኮት የሚወድ ሰው ሆነና «እንግዲያማ ማየት አለብኝ» አለ።

ምራቲቱ የተማሪ ደብተር እያረመች ነበር። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ከመስኮታችን የሚታየው? የቱ? ጠጠሩ ነው አሸዋው?»

«አትቀልጂብኝ።»

«አልቀለድኩም። እንድዘጋጅ ብዬ ነው። አሸዋውን ካልክ ጠዋት ጠዋት ሳይነካ ደህና ነው።»

«መጋረጃ ብንዘጋስ?» አለ እሱ።

«በምሳ ሰዓት? ለቅሶ የደረሱ ነው የሚመስላቸው።»

ልጅየው መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። ሲመሽ ታች ያለው ነገር እምብዛም አይለይም፤ አንድ አምፖል የሲሚንቶ ከረጢቶች ላይ በርቷል። የሚያም ቦታን ሳይነኩ እንደሚያዩት አየውና ዘወር አለ።

«አገኘሁ። ወተት የመሰለ መስታወት አለ አይደል? ብርሃን ያስገባል፣ አያሳይም። ፀሐይ በዝቶብን ነው እንላለን።»

«ከመስኮቱ የሚታየው ያምራል ብለህ መስኮቱን ትደፍነዋለህ?» አለች ሚስቱ።

«ሐኪም አዘዘን እላለሁ። ለእማዬ ዓይን።»

እትዬ ቀና አሉ። ዓይናቸው ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም በቤቱ ካሉት ዓይኖች ሁሉ ደህናው የሳቸው ነው። ነገሩን አፍ አውጥተው ሊናገሩ ፈልገው ነበር፤ ግን ምን ይባላል? «ብሎኬት እጠብቃለሁ» ይባላል? ልጃቸው ያንን ማሽን ሲሰማ ጥርሱን የሚነክስ ሰው ነው። ቤቱም የልጃቸው ነው፣ መስኮቱም የልጃቸው። እሳቸው ያመጡት ወንበሩን ብቻ ነው። ያ መስኮት ከተደፈነ ከቀኑ የሚተርፋቸው ጣሪያው እንደሆነ ያውቁታል። ያንንም አልተናገሩም።

«ደስ እንዳለህ» አሉ።

ረቡዕ ጠዋት መስታወት ገጣሚው መጣ፤ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ሦስት ሰፋፊ መስታወት በጋዜጣ ጠቅልሎ። ወሬኛ ቢጤ ነው። መስኮቱ ሦስት ትላልቅ የማይከፈቱ መስታወቶች ነበሩት፤ የምትከፈተው ከጣሪያው ሥር ያለችው ትንሿ ብቻ ናት። መስታወቱን ያጣበቀውን ስቱኮ በቢላ እየቀረፈ አንዱን አወጣና ወደ ውጭ አንገቱን አሰገገ።

«እማማ፣ ይሄ ወንበር የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«ወንበርዎ ወደ መስኮት ዞሯል፤ መስኮቱ ደግሞ ሊደፈን ነው። አንዱን ማዞር አይሻልም?»

«አንተ የታዘዝከውን ሥራ፣ ልጄ።»

«እሺ። የሰው ቤት ነገር ውስጥ አልገባም» አለና ገባ፤ «ለነገሩ ብዙ ሰው ይሄን ያሠራል። አንዱ መታጠቢያ ቤቱን ማስደፈን ፈልጎ ሳሎኑን አስደፈነኝ። የትኛው መስኮት እንደሆነ ሲነግረኝ ተምታቶበት። ሳምንት ሙሉ ዘመድ ሁሉ ሲታጠብ እየታየ...»

«ሥራህን!» አለች ምራቲቱ ከወጥ ቤት፤ ግን እየሳቀች ነበር።

አራት ሰዓት ሲሆን ሁለቱ መስታወቶች ነጭ ሆነው ሦስተኛው ገና ክፍት ነበር። ታች ፎርማኑ ቀና አለ። እትዬ ሁለት እጃቸውን አጣመሩ፤ ያን ሰዓት እውነትም ሁሉም ደህና ነበር። ፎርማኑ ባርኔጣውን አነሣ። ከዚያ ገጣሚው ሦስተኛውን አነሣና በመካከላቸው አስገባው።

ሐሙስ ዕለት እትዬ እንደወትሮው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ክፍሉ ብርሃን ሞልቶታል። በነጩ መስታወት ላይ አንዳንድ ጊዜ ጥላ ያልፋል፤ ወፍ ይሁን ደመና አይታወቅም። ማሽኑ ያጓራል። ድምፁ መቼም አስቸግሯቸው አያውቅም ነበር፤ የሚያዩት ነገር ድምፅ ነበርና። አሁን ብቻውን ሲመጣ ጆሯቸውን ወጠረው። አራት ሰዓት ላይ ማንም ሳያዘው እጃቸው ተነሣና መልሰው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ታች ያለው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ፎርማኑ ቀና ሲል ነጭ መስታወት አየ። ውሃ አጠጪው፣ ረጅምና ቀልደኛ ሰው ነው፣ ጎማውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ አጠገቡ ቆመ።

«ጣት ይታይሃል?» አለው።

«አይታየኝም።»

«ጣት ካልታየ ደህና ነው ማለት ነው። እስከዛሬ እንደዚያ አይደል የምንሠራው?»

እውነቱን ለመናገር ከሞላ ጎደል እንደዚያ ነበር የሚሠሩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሕተት ካለ ጣት ይወጣል፣ ከሌለ እጅ ይጣመራል፤ ሁለቱም ባይታዩ ምን እንደሚደረግ ማንም አላሰበም። ፎርማኑም ሁለት ሾፌር እየጠበቀው ነበርና «እሺ» ብሎ ሄደ። ውሃ አጠጪው ጎማውን ከመጋዘኑ ጀርባ ድረስ አልጎተተም። ዓርብም አልጎተተም።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ወንበራቸው ላይ ወጡ። ለመቀመጥ ሳይሆን፣ በእግራቸው ለመቆም። አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው፣ የማይታጠፈውን ጉልበት ከኋላ እየጎተቱ፣ ያችን ትንሿን መስኮት ከፍተው ዓይናቸውን አሾለኩ። የታያቸው የሌላ ሕንፃ ጣሪያና ሰማይ ነበር። ወደ ታች ለማየት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ማለት ያስፈልጋል። ተረከዛቸውን አነሡ።

«እትዬ!»

ምራቲቱ በር ላይ ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች። ወገባቸውን ይዛ አወረደቻቸውና እሷው ራሷ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ሊያዩ ነው? እግዜር ያሳይዎት፣ ቢወድቁስ?»

«ሰባተኛውን።»

«ምኑን ሰባተኛ?»

ያኔ ነገሯት። ስለ ሰባት ቀኑ፣ ስለ ጥቁሩና ስለ ነጩ፣ ስለ ጣቱ ነገሯት። ምራቲቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እኔ ለጤናዎ መስሎኝ! በርቱ ስልዎት ከረምኩ!»

«በረታሁ እንጂ።»

ምራቲቱ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ትታ ነጩን መስታወት አየችው። «ልንገረው» አለች።

«አትንገሪው። አንቺ ከነገርሽው በመሀላችሁ ጠብ ይገባል። ነገ ራሴ እወርዳለሁ።»

«በየትኛው ጉልበት?»

«ባለው።»

ቅዳሜ ጠዋት ልጅየው ለእሑዱ ምሳ ሊገዛዛ ሲወጣ፣ እትዬ የምራታቸውን ክንድ ይዘው ደረጃውን ጀመሩ። አራት ፎቅ ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ጎረቤቶች እየወጡ «እትዬ፣ ወዴት ነው?» ሲሏቸው «ሥራ» ይላሉ። ሕንፃውን ዞረው በማምረቻው በር ሲገቡ ፎርማኑ ከአንድ ሾፌር ጋር አንገት ለአንገት ተናንቆ ነበር። ግማሽ ረድፍ ብሎኬት መኪናው ጎን ተሰባብሮ ወድቋል።

«ይሄን ነው ብሎኬት ያልከኝ? በእጄ ስይዘው ብትን ይላል!» ይላል ሾፌሩ።

«አያያዝህ ነው!»

«ሰባተኛው ነው» አሉ እትዬ ከኋላቸው።

ፎርማኑ ዞረ። መጀመሪያ አላወቃቸውም፤ ሁልጊዜ የሚያያቸው ከወገብ በላይ፣ የእጅ መዳፍ ያህል ሆነው ነው። ከዚያ ባርኔጣው ራሱ ላይ መኖሩን በእጁ አረጋግጦ አወለቀው።

«እርስዎ ነዎት? ይሄው በሕይወት አሉ! እኛማ ታመው ነው ብለን...»

«መቼ አልን?» አለ ውሃ አጠጪው ከጎማው ጋር ብቅ ብሎ። «ደህና ናቸው አላልንም?»

«አንተ ዝም በል! ሁለት ቀን ሰባተኛውን ዘለህ መሬት አስነካኸኝ።»

«ጣት አልታየም ያልከኝ አንተ!»

«ስምንተኛውን ጭምር ነው የዘለላችሁት?» አሉ እትዬ።

ውሃ አጠጪው መሬት መሬት አየ። «እትዬ፣ በእውነት እዚያ ጥግማ እንኳን ውሃው ዓይኔም አይደርስም።»

«የኔ ይደርስ ነበር።»

ፎርማኑ አንድ ባልዲ ገልብጦ ጃኬቱን አነጠፈበትና አስቀመጣቸው። ምራቲቱ ትምህርት ቤት ፈተና ማስፈተን ስለነበረባት «በኋላ መጥቼ አወጣዎታለሁ» ብላ ሄደች። እትዬ ጀርባቸውን ለአሸዋው ሰጥተው ሕንፃውን አዩ። ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ የኋላውን በኩል ከውጭ አይተውት አያውቁም ነበር። የዝናብ ውሃ ከቱቦዎቹ ሥር ዝገት አውርዶ ግድግዳውን አበላሽቶታል። ልብስ ተሰጥቷል። አንዱ ፎቅ በረንዳውን በቆርቆሮ ዘግቷል፣ ሌላው በካርቶን። እነዚህ ሰዎች አራት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀና ብለው የሚያዩት ይሄን ነው።

«ሁልጊዜ ይሄን ነው የምታዩት?»

«ምኑን?» አለ ፎርማኑ።

«ሕንፃውን።»

ፎርማኑ ቀና ብሎ በጥሞና አየው፤ ገና መጀመሪያ ጊዜው ነበር።

«እኔ እንጃ። እኛ እንኳ ሕንፃውን አናየውም፤ ጣትዎን ነው።»

ልጅየው ከገበያ ሲመለስ መንገዱ በማምረቻው አጥር ጎን ያልፋል። ሁለት እጁ በፌስታል ተይዟል። በአጥሩ ክፍተት ውስጥ፣ በሲሚንቶ ብናኝ መሀል፣ ባልዲ ላይ የተቀመጡ ሴት አየ። ሻርፓቸውን የሚያውቀው መሰለው። ከዚያ እናቱ መሆናቸውን አወቀ፤ ጫማውን ሳያስብ ገባ።

«እማዬ! ምን ሆንሽ? ማን አወረደሽ?»

«ወረድኩ። ፌስታሉን አስቀምጠው፣ እጅህ ይቆረጣል።»

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ረድፍ አያለሁ።»

ሠራተኞቹ ሥራቸውን የያዙ መስለው ያዳምጣሉ። ፎርማኑ ነገሩን በአጭሩ ሊያስረዳው ፈልጎ በረጅሙ አስረዳው፤ ጣቱን፣ ሰባቱን ቀን፣ ባርኔጣውን ሁሉ ነገረው። ልጅየው መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ፊቱ ቀላ። ከዚያ የእናቱን ዓይን ተከትሎ ሕንፃውን ቀና ብሎ አየ።

«የቱ ነው የኛ?» አለ።

ከጎኑ የነበረው ውሃ አጠጪ ማን እንደጠየቀው ልብ አላለም። «የእትዬ? ያ ዓይኑን ሞራ የጋረደው ነዋ! አራተኛው ላይ። ምን ዓይነት ሰው ነው እሱን ያስደፈነው፣ ከሩቅ ሲያዩት...»

«እኔ ነኝ» አለ ልጅየው።

ውሃ አጠጪው ጎማውን ይዞ ሰባተኛው ረድፍ ጋ ሄደ፤ በዚያ ሳምንት በገዛ ፈቃዱ ሲሄድ የመጀመሪያው ነበር።

እውነትም ሞራ የጋረደው ዓይን ነበር። በዝገትና በልብስ በተሞላው ግድግዳ ላይ ሦስት ነጭ መስታወቶች ምንም ሳያዩ ፈጠዋል። ከሁሉም መስኮቶች አስቀያሚው እሱ ነበር። ልጅየው ለረጅም ጊዜ አየው።

ደረጃውን ሲወጡ ፌስታሎቹን ከፎርማኑ ጋር ልኮ እናቱን በክንዱ ደገፈ። በየፎቁ ያርፋሉ። ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«ምን ብዬ?»

ሦስተኛው ላይ እሳቸው ትንፋሽ ሲወስዱ፣ እሱ የደረጃውን ብረት በጣቱ እየነካካ ቆመ።

«የሥራ አስኪያጁ መኪና በዚያ በኩል ነው የሚመጣው። በማምረቻው መንገድ።»

«እህ።»

«ከውጭ ሲታይ ያስጠላል፤ መስታወቱ።»

እትዬ አዩት። ልጃቸው ከልጅነቱ ጀምሮ ጥፋቱን በሌላ በር ነው የሚያወጣው፤ በሩን ማንም አይዘጋበትም ነበር።

«ያስጠላል» አሉ።

መስታወት ገጣሚው ከሰዓት መጣ። «ረቡዕ የገጠምኩትን ቅዳሜ ስነቅል በዘመኔ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። «ዕድላችሁ፣ የቀድሞዎቹ ገና አልተቆረጡም። ነገ ለአንዱ ሱቅ መደርደሪያ ሊሆኑ ነበር።» ዘጠኝ ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ሦስቱንም መለሰ። እትዬ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሰባተኛው ተነሥቷል፤ ስምንተኛው ነጥቶ ነበር። ስምንት ጣት አወጡ።

እሑድ ማሽኑ አይሠራም፤ ውሃው ግን እሑድ አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሚስቱ ቀስ ብላ አትናገርም። ሰላምታው እንዳለቀ እሱ ቀጥ ብሎ መስኮቱ ጋ ሄደ። ልጅየው የያዘውን ብርጭቆ አስቀምጦ ተከተለው።

«ታዲያ የነገርከኝ የቱ ጋ ነው?»

«እሱው ነው» አለ ልጅየው።

የሥራ አስኪያጁ ሚስት ከኋላቸው መጥታ አየች።

«ብሎኬት ማምረቻ አይደለም እንዴ?» አለች ሚስትየው።

«ነው» አለ ልጅየው።

«እህ» አለ ሥራ አስኪያጁ። ተቀመጡና ምሳ ቀረበ። ስለ መሥሪያ ቤቱ፣ ስለ መንገድ መጨናነቅ ተወራ። ምራቲቱ ሁለት ጊዜ ቀለደች፣ አንዴ ተሳቀላት። ልጅየው የሚበላውን አያውቅም ነበር። እንዲህ ሆነው ፍራፍሬ ላይ ደረሱ፤ የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ሆነ። እትዬ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አንዴ ሥራ አለብኝ።»

መስኮቱ ጋ ቆመው ታች አዩና አራት ጣት መስታወቱ ላይ አወጡ። ታች ፎርማኑ ባርኔጣውን አነሣ። ውሃ አጠጪውን በክንዱ ገፋው፤ ጎማው ተጎተተ። እንግዶቹ አንድ በአንድ ተነሥተው መጡ፤ ሚስትየው ሳህኗን እንደያዘች።

«ምን ማለታቸው ነው?» ብላ ልጅየውን ጠየቀችው።

ልጅየው ወደ ታች አመለከታት። «የነጣው ያልጠጣው ነው። አራተኛው። ከታች ሆኖ አይታይም፤ እናቴ ናት የምትነግራቸው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እትዬ ዞረ። «እውነቱን ይንገሩኝ እንግዲህ፤ ያምራል?»

እትዬ እንዲህ ተብለው ተጠይቀው አያውቁም ነበር። ልጃቸውን አላዩትም። አሸዋውን አዩት፤ መጋዘኑን፣ የተቀደዱትን ከረጢቶች፣ ከጎማው ሥር የተኛውን ጭቃ አዩ።

«አያምርም» አሉ።

«ልጅዎ ግን በጣም ያምራል ብሎኝ ነበር።»

«እሱ እስከ ትናንት አይቶት አያውቅም።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ ነው፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ልጅየውም ትንሽ ዘግይቶ ሳቀ። ታች ውሃው አራተኛውን ረድፍ ከአንድ ጫፍ ጀመረ። ነጩ ቀስ እያለ ይጠቁራል፤ ቀለም ቀቢ የሮጠበት ይመስላል፤ አንዱ ብሎኬት ውሃውን ጠጥቶ ሳይጨርስ ቀጣዩ ይጀምራል። አምስቱም ቆመው አዩት። ሚስትየው አንድ የፍሬ ቁራጭ አፏ ውስጥ አድርጋ ማኘክ ረሳች። ውሃ አጠጪው ረድፉን ጨርሶ ጎማውን መጠቅለል ጀመረ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ መስታወቱ ተጠጋ።

«ቆይ፣ ቆይ። ያቺ ጫፍ ላይ ያለችው ቀርታለች።»

«የቷ?» አለ ልጅየው ጎንበስ ብሎ።

«ያቺ! አንዷ! ከአሸዋው ጎን ያለችው!» አለና ጣቱን መስታወቱ ላይ ለጠፈ። «ኧረ ሄደ፣ ጥሏት ሄደ! እትዬ፣ ለአንዷ ብቻ ስንት ጣት ነው የሚወጣው?»